ከበረዶው በታች ያለችው ከተማ

በደርግ ዘመን ‹‹ራሺያ›› ተምረው ከተመለሱ ዘመዶቻችን አፍ የማይጠፋ አንድ ወሬ ነበር። የቮድካ ወሬ አይደለም። የብርዱም ብቻ አይደለም። ‹‹ሰዎቹ እኮ ሐይቅ ላይ ይቀመጣሉ!›› ይሉናል። ‹‹ሳጥን በትከሻቸው አንግተው ይሄዱና፣ በረዶውን በስተው፣ አንዲት ቀዳዳ ላይ አቀርቅረው ይውላሉ። ማታ ዓሣቸውን ይዘው በባቡር ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።›› እኛ ያኔ ልጆች ነበርን። በረዶ ማለት ለኛ በሐምሌ ቆርቆሮውን የሚደበድበው፣ እየለቀምን አፋችን ውስጥ የምንከተው ነጭ ጠጠር ነው። ሰው የሚሸከም በረዶ! ‹‹ጋሼ ዛሬ ደግሞ አበዙት›› ተባብለን እንስቅ ነበር።

አድገን ነገሩን ስናጣራው ጋሼዎቹ አንዲት ቃል አልጨመሩም። እንዲያውም ያጎደሉት ነገር አለ። ከእነዚያ ዓሣ አጥማጆች ብዙዎቹ የሚቀመጡበት ሐይቅ እግዜር የሠራው አይደለም፤ ሰው የሠራው ነው። ከበረዶው በታች ውኃ አለ። ከውኃው በታች ደግሞ የቤት መሠረት፣ ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ፣ የመቃብር ቦታ አለ። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ እንዲህ ያለ ሐይቅና በውስጡ ስለቀረች ከተማ ነው። ሐይቁ የሪቢንስክ ግድብ ሐይቅ ይባላል። ከተማዋ ሞሎጋ ትባል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በኛ ስንቆጥር እንናገራለን።)

ቀዳዳዋ

በቅድሚያ አንድ ጥያቄ እንመልስ። ሐይቁ በረዶ ሆኖ ዓሣው እንዴት አልሞተም?

ነገሩ ከውኃ ጠባይ የመጣ ነው። ውኃ ሲቀዘቅዝ እየከበደ ወደ ታች ይሰምጣል። ግን እስከ 4 ዲግሪ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ከቀዘቀዘ ተመልሶ ይቀላል፤ በረዶ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ሐይቅ የሚጠጥረው ከላይ ወደ ታች ነው። ላዩ ላይ የተጋገረው በረዶ እንደ ጋቢ ሆኖ የታችኛውን ውኃ ከነፋስና ከብርድ ይከልለዋል። ውጪው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ከታች ያለው ውኃ 4 ዲግሪ ገደማ ሊሆን ይችላል። ውኃ ይህ ጠባይ ባይኖረው ኖሮ የሰሜን አገር ሐይቆች ከሥራቸው ጀምረው ይጠጥሩ ነበር፤ ዓሣም የሚገባበት ባጣ ነበር።

እዚያ ጨለማና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ብዙው ዓሣ ይፈዛል፤ አይበላም፣ አይንቀሳቀስም። ፐርች ግን ክረምቱን ሙሉ ይበላል። ሩሲያኖቹ ‹‹ኦኩን›› ይሉታል። ጀርባው አረንጓዴ ነው፣ ጎኑ ላይ ጥቋቁር ሸንተረር አለው፣ የታችኛው ክንፉ ቀይ ነው። ከጫሞ ሐይቅ የሚመጣውን ናይል ፐርች የምታውቁ እንዳትሳሳቱ፤ ስም ተጋሩ እንጂ ቤተሰባቸው ይለያያል። ናይል ፐርች ከሰው በላይ ሊመዝን ይችላል። የሩሲያው ፐርች አብዛኛውን ጊዜ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ነው።

በሌላው ዓለም፣ ለምሳሌ በአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች ባሉ የግድብ ሐይቆች ላይ፣ ከፐርቹ ጎን ትራውትም በበረዶ ቀዳዳ ይጠመዳል። ትራውት ቅንጡ ዓሣ ነው። ቀዝቃዛና ኦክስጅን የበዛበት ውኃ ካልሆነ አይመቸውም። (እኛም አገር በንጉሡ ዘመን ከኬንያ መጥቶ ባሌ ብርዳማ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀው ለዚህ ነው።) ፐርች አይመርጥም። ጥልቅ ውኃ ቢሉት፣ ጥልቀት የሌለው ቢሉት፣ ጥርት ያለ ቢሉት፣ የደፈረሰ ቢሉት ይኖራል። ይህን ያዙልን፤ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

የአጥማጁ ዕቃ ቀላል ነው። በረዶውን የሚበሳበት በእጅ የሚዞር ጠመዝማዛ መሠርሠሪያ አለ። ከቀዳዳው የበረዶ ስብርባሪ የሚያወጣበት የተበሳሳ ጭልፋ አለ። ዘንጉ እጅግ አጭር ስለሆነ የልጅ መጫወቻ ይመስላል። ክሩ ጫፍ ላይ ‹‹ሞርሚሽካ›› የሚሏት መንጠቆ የተተከለባት ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ከባድ ብረት አለች፤ እሷ ላይ ቀይ ትል ይሰካል። የሚቀመጥበት ሳጥን ወንበርም ነው፣ ጓዳም ነው፤ ፔርሙዙ፣ ዳቦው፣ ዓሣው ሁሉ እዚያ ይገባል። እግሩ ላይ ከሱፍ የተደቀደቀ ‹‹ቫሌንኪ›› ቦት ያደርጋል። ፐርች በመንጋ ስለሚዞር አጥማጁም አንድ ቦታ አይደርቅም፤ ይበሳል፣ ይሞክራል፣ ይነሣል፣ ሌላ ይበሳል።

ጥሩው ጊዜ ሁለት ነው። አንደኛው ‹‹የመጀመሪያው በረዶ›› ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ። ሁለተኛው ‹‹የመጨረሻው በረዶ›› ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ። መሐሉ ላይ በበረዶ የተከደነው ውኃ ኦክስጅኑ እያለቀ ስለሚሄድ ዓሣው ይደክማል። እንግዲህ ዓሣው የሚበዛው በረዶው በሚሳሳበት ጊዜ መሆኑ ነው! ደኅና በረዶ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ሰው ይሸከማል ይባላል። የፀደይ በረዶ ግን ወፍራም ሆኖም ይከዳል። በዚህ የተነሣ በየፀደዩ ከባሕር ዳር ተገንጥሎ በተንሳፈፈ በረዶ ላይ የቀሩ አጥማጆችን በሄሊኮፕተርና በጀልባ ማውጣት ለሩሲያ የነፍስ አድን ሠራተኞች የተለመደ ሥራ ነው። በሚቀጥለው ዓመት እነዚያው ሰዎች ሳጥናቸውን አንግተው ይመለሳሉ።

ስሟ ዓሣ የሆነ ከተማ

ሪቢንስክ ከሞስኮ በስተሰሜን 270 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ቮልጋ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ‹‹ሪባ›› በሩሲያኛ ዓሣ ማለት ነው። ከተማ ከመሆኗ በፊት ‹‹ሪብናያ ስሎቦዳ›› ማለትም ‹‹የዓሣ ሰፈር›› ትባል ነበር። ነዋሪዎቿ ለዛሩ ማዕድ ከቮልጋ የሚያወጡትን ስተርጅን በየዓመቱ እንዲገብሩ የታዘዙ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ስተርጅን ከካስፒያን ባሕር ተነሥቶ ቮልጋን ሽቅብ እየዋኘ የሚመጣ ግዙፍ ዓሣ ነው፤ ካቪያር የሚባለው የሀብታም ምግብ የእሱ ዕንቁላል ነው።

ለተራው ሰው ግን ስተርጅን ሩቅ ነው። የእሱ ዓሣ ፐርች ነው። በሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የገና ጾም እንደኛው ጾመ ነቢያት ረጅም ሲሆን በብዙዎቹ ቀኖቹ ዓሣ ይፈቀዳል። ጾሙ የሚገባው ደግሞ ልክ የመጀመሪያው በረዶ በሚጋገርበት ወቅት ነው። እንግዲህ በረዶ ላይ መቀመጥ መዝናኛ ከመሆኑ በፊት ወጥ ፍለጋ ነበር። በ1844 እዚያው አካባቢ ያሮስላቭል ከተማ የተወለደው ሊዮኒድ ሳባኔዬቭ የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1875 ‹‹የሩሲያ ዓሦች›› የሚል መጽሐፍ አሳትሟል። ገበሬው በየወንዙና በየሐይቁ ዓሣውን የሚያጠምድበትን ዘዴ እያንዳንዱን መዝግቦታል። እስከ ዛሬ ድረስ የሩሲያ አጥማጆች ስሙን ያነሣሉ።

ከሪቢንስክ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሞሎጋ ወንዝ ከቮልጋ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ደግሞ ሞሎጋ ከተማ ነበረች። በታሪክ መዝገብ ስሟ መጀመሪያ የሚገኘው በ1149 ነው። ከሞስኮ ጋር እኩያ መሆኗ ነው፤ ሞስኮ የተጠቀሰችው በ1147 ነውና። ሞሎጋም ሪቢንስክም በ1777 የከተማነት ማዕረግ አገኙ። ሞሎጋ ትልቅ አልነበረችም፤ ነዋሪዎቿ ከጥቂት ሺሕ አይበልጡም። ግን ካቴድራል ነበራት፣ ገዳም ነበራት፣ በዙሪያዋ በቅቤውና በድርቆሹ የታወቀ ለምለም የግጦሽ መስክ ነበራት። የእሳት አደጋ መጠበቂያ ማማዋን ንድፍ ያወጣው የደራሲው የዶስቶየቭስኪ ወንድም አርክቴክት አንድሬይ ዶስቶየቭስኪ ነው።

እሳትን ከማማ ላይ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ነበራት። የመጣባት ግን ውኃ ነው።

አራት ሜትር

በመስከረም 1935 የሶቪየት መንግሥት በላይኛው ቮልጋ ላይ በኡግሊችና በሪቢንስክ ሁለት ግድቦች እንዲሠሩ ወሰነ። ዓላማው ለሞስኮና ለኢንዱስትሪው ኤሌክትሪክ ማመንጨት፣ ወንዙንም ለትልልቅ መርከቦች ማመቻቸት ነበር። በመጀመሪያው ዕቅድ የሪቢንስክ ሐይቅ የውኃ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 98 ሜትር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሞሎጋ የቆመችው ከ98 እስከ 101 ሜትር በሚደርስ መሬት ላይ ነው። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ከተማዋ ውኃ ዳር ትቀር ነበር እንጂ አትሰጥምም።

በ1937 መጀመሪያ ላይ ግን ዕቅዱ ተቀየረ። 98 የነበረው 102 ሆነ። ግድቡ አራት ሜትር ከፍ ካለ ኃይሉ ብዙ ይጨምራል ተባለ። አገሩ ሜዳ ነው። በሜዳ ላይ አራት ሜትር ማለት ውኃው የሚሸፍነው መሬት በእጥፍ ሊያድግ ምንም አይቀረውም ማለት ነው። እነዚያ አራት ሜትሮች የሞሎጋ የሞት ፍርድ ነበሩ።

ሥራውን የሠራው እስረኛ ነው። ‹‹ቮልጎላግ›› የሚባል የጉላግ ካምፕ ተቋቁሞ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ እስረኞች ጫካ ቆረጡ፣ አፈር ቆፈሩ፣ ኮንክሪት ገነቡ። በጦርነቱ ዘመን ራሽኑ ሲቀንስ በረሃብና በበሽታ እንደ ቅጠል ረገፉ። ዛሬ አጥማጁ በረዶ የሚበሳው እነሱ በከለሉት ውኃ ላይ ነው።

የሚነሣው ሕዝብ ወደ 130,000 ይጠጋ ነበር። ከሞሎጋ ሌላ ከ600 በላይ መንደሮች ውኃው ይወስዳቸዋል። አብያተ ክርስቲያናቱ ወይ ፈረሱ ወይ በፈንጂ ተናዱ፤ ቆመው የቀሩትም ነበሩ፣ ውኃውና በረዶው እየቆየ የሚያፈርሳቸው።

ቤት በወንዝ ላይ

ለሞሎጋ ሰዎች የመነሣቱ ዜና የደረሰው በ1936 መኸር ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ አብዛኛው ሰው በዓመቱ መጨረሻ ይውጣ የሚል ነበር፤ ሁለት ወር ያህል መሆኑ ነው፣ ያውም በረዶ ሊገባ ሲል! ይህ ሊሆን እንደማይችል ለባለሥልጣናቱም ግልጽ ሆነና መነሣቱ በ1937 ፀደይ ተጀመረ። አራት ዓመት ፈጀ።

ቤቶቹ የግንድ ቤቶች ነበሩ። ስለዚህ ሰው ቤቱን ትቶ አልሄደም፣ ይዞት ሄደ። እያንዳንዱ ግንድ ቁጥር ይጻፍበታል፣ ቤቱ ይፈታል፣ ግንዶቹ በአንድ ላይ ታስረው ጀልባ ይሆናሉ፣ ከዚያ በቮልጋ ላይ ቁልቁል ወደ ሪቢንስክ ይነዳሉ። እዚያ ሲደርሱ ከከተማዋ ዳር በቁጥራቸው ተራ መልሶ መግጠም ነው። ግንዱ ውኃ ጠጥቶ ስለሚመጣ ቤቱ ለዓመታት እርጥብና ብርዳም ሆኖ ይቆያል። አርጅቶ የማይነሣ ቤት ያለው ደግሞ ያገኘው ካሣ ሌላ ቤት የሚያሠራ አልነበረም።

እስቲ አስቡት። አያትህ የሠራውን ቤት በእጅህ ቁጥር እየጻፍክ ታፈርሰዋለህ። ከዚያ ላዩ ላይ ተቀምጠህ በወንዝ ትሄዳለህ።

ሚያዝያ 13 ቀን 1941 የግድቡ የመጨረሻ ክፍት በር ተዘጋ። ውኃው ተመልሶ መተኛት ጀመረ። ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ሐይቁ እስከ አፉ ለመሙላት እስከ 1947 ፈጀበት። ሲሞላ ስፋቱ 4,580 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ፤ ከጣና ይበልጣል። በዘመኑ በስፋቱ በዓለም ትልቁ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነበር። አማካይ ጥልቀቱ ግን ስድስት ሜትር እንኳን አይሞላም። አገር የሚያህል ገበታ ላይ የፈሰሰ ውኃ በሉት።

በኋላ ዘመን 294 ሰዎች ‹‹አንወጣም›› ብለው፣ አንዳንዶቹም ራሳቸውን በሰንሰለት አስረው ከቤታቸው ጋር ሰጠሙ የሚል ታሪክ በጋዜጣና በኢንተርኔት በሰፊው ተወርቷል። የዚህ ወሬ ምንጭ የተባለውን ወረቀት የሚጠራጠሩ የታሪክ ሰዎች አሉ። እኛም አንሰቅለውም፣ አናወርደውም። የሞሎጋ ሐዘን ሰንሰለት አያስፈልገውም። ሰንሰለት ሳይኖርባቸው ግንድ ላይ ተቀምጠው የሄዱት ይበቃሉ።

መብራቱ

እዚህ ላይ ቆም ብለን ለሌላውም ወገን ፍርድ እንስጥ። አለዚያ ታሪክ ሳይሆን ሙሾ ይሆንብናል።

በሩ ከተዘጋ ከሁለት ወር በኋላ፣ በሰኔ 1941፣ ሂትለር ሶቪየት ኅብረትን ወረረ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የጀርመን ጦር ሞስኮ ደጃፍ ደርሶ ነበር። የሪቢንስክ የመጀመሪያው ተርባይን መዞር የጀመረው በዚያው በኅዳር ነው። የጣቢያው ሕንፃ እንኳን በወጉ አላለቀም ነበር። ሌሎች የኃይል ማመንጫዎች በጠላት እጅ ወድቀው ወይም ነዳጅ አጥተው ሳለ፣ ከኡግሊችና ከሪቢንስክ የሚመጣው መብራት የሞስኮን ፋብሪካዎች አንቀሳቀሰ። ‹‹ያ ግድብ ባይኖር ሞስኮ ምን ይውጣት ነበር?›› የሚሉ ሰዎች ባዶ ወሬ አያወሩም።

ስለዚህ ጥያቄው ‹‹ግድብ ይሠራ ወይስ አይሠራ?›› አይደለም። መብራቱ እውነት ነው። የተነሡት ሰዎችም እውነት ናቸው። አስቸጋሪው ነገር ከሁለቱ እውነቶች አንዱ በ1953 ግድቡ አጠገብ ‹‹እናት ቮልጋ›› የሚባል ግዙፍ ሐውልት ሲቆምለት፣ ሌላው ግን በአደባባይ ስሙ እንዳይነሣ መደረጉ ነው።

ዓሣው መጣ

አዲስ የተሞላ ሐይቅ ዓሣ ይወልዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሰጠመው ሣር፣ ቅጠልና አፈር ለውኃው ማዳበሪያ ይሆነዋል፤ ትላትሉ ይበዛል፤ ትላትሉን ዓሣው ይበላል። የሞሎጋ ለምለም ሜዳ፣ ያ በድርቆሹ የታወቀው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፓይክ የሚባለው አዳኝ ዓሣ ዕንቁላሉን የሚጥልበት መስክ ሆነ። ፐርች ደግሞ ዕንቁላሉን እንደ ረጅም ጥልፍልፍ ጥብጣብ አድርጎ ውኃ ውስጥ በተጋደመ ቅርንጫፍ ላይ ያንጠለጥላል። እዚያ ታች ሳይቆረጥ የሰጠመ ደን ሞልቶ ነበር። ፐርች አይመርጥም ብለን የለ? ለእሱ የአንድ አገር መስጠም ሠርግና ምላሽ ሆነለት።

ስተርጅን ግን ቀረ። ከካስፒያን የሚመጣበት መንገድ በየቦታው በግድብ ተዘጋ። ስሟን ከዛሩ ዓሣ ያገኘችው ከተማ የዛሩን ዓሣ አጣች። ለነገሩ ስሟንም አላስቀመጡላትም። በ1946 በአንድ የፓርቲ ባለሥልጣን ስም ሽቸርባኮቭ ተባለች፤ በ1957 ተመለሰላት። በ1984 እንደገና አንድሮፖቭ ተባለች፤ በ1989 ተመለሰላት። ስም መቀያየር እኛ አገር ብቻ ያለ በሽታ መስሏችሁ ከነበረ ተጽናኑ።

ሐይቁን የሚያጠና ተቋምም ተመሠረተ። ቦሮክ በሚባል ቦታ ሐይቁ ዳር ያለውን የጥናት ጣቢያ በ1952 የተረከበው ኢቫን ፓፓኒን ነው። ይህ ሰው ከ1937 እስከ 1938 ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በሰሜን ዋልታ በተንሳፋፊ በረዶ ላይ 274 ቀን የኖረ፣ አገር ያወቀው ጀግና ነው። በረዶ ላይ መቀመጥን ማን እንደሱ ያውቃል! የእሱ ተመራማሪዎች ሐይቁ እንደ ተፈጥሮ ሐይቅ እንደማይተነፍስ ያዩ ነበር። በክረምት ተርባይኖቹ ውኃውን ስለሚጠጡት የሐይቁ ከፍታ ይወርዳል። በረዶውም አብሮ ይወርድና ጥልቀት በሌለው ቦታ ጭቃው ላይ ይተኛል። እዚያ የቀረው ዓሣ ያልቅለታል። ከሥሩ የተነቀለ ረግረግም ደሴት ሆኖ ከነዛፉ ይንሳፈፍ ነበር። በ1990ዎቹ ደግሞ ቱልካ የምትባል ትንሽ የካስፒያን ዓሣ በየግድቡ እያለፈች እዚህ ድረስ ደረሰች። ታላቁ ስተርጅን ያልቻለውን መንገድ ትንሿ ቻለችው።

አጥማጆቹም መጡ። ከሪቢንስክ፣ ከቼሬፖቬትስ፣ ከያሮስላቭል፣ ከሞስኮ ሳይቀር። ብዙዎቹ የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ሥጋ በሰልፍ በሚገዛበት ዘመን አንድ ሳጥን ፐርች ቀላል ነገር አልነበረም። ከአለቃ፣ ከስብሰባ፣ ከጠባቡ የጋራ ቤት ርቆ አንድ ቀን ዝም ብሎ መዋልም ቀላል አልነበረም። በጎረቤቱ የኡግሊች ግድብ ሐይቅ ላይ፣ ካሊያዚን ከተማ አጠገብ፣ በ1800 የተሠራ የቤተ ክርስቲያን የደወል ማማ እስከ ዛሬ ውኃ መሐል ብቻውን ቆሞ ይታያል። ካቴድራሉ ፈርሷል፤ ማማው ለመርከቦች ምልክት ሆኖ ቀረ። በክረምት አጥማጆቹ በረዶው ላይ በእግራቸው እየሄዱ ማማው ሥር ይበሳሉ። እዚያ ቢያንስ ምልክት አለ። የሞሎጋ አጥማጅ ግን ቀዳዳው ውስጥ ቢያይ ከጥቁር ውኃ በቀር የሚያየው የለም።

ስሟን ማን ጠበቀው?

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገን ነገር ይሄ ነው። ዓሣ ያስረሳል። ሐይቁ ከተሞላ ከጥቂት ዓመት በኋላ የተወለደ ልጅ ሐይቁን እንደ ተፈጥሮ ነው የሚያውቀው። ለእሱ ‹‹የሪቢንስክ ባሕር›› ፐርች የሚወጣበት፣ በጋ የሚዋኝበት ውኃ ነው። ክፉ ልጅ ስለሆነ አይደለም፤ የነገረው ስለሌለ ነው። መንግሥት በካርታው ላይ ሰማያዊ ቀባ። የመማሪያ መጽሐፉ ስለ ኤሌክትሪኩ ነገረው። አባቱ ስለ ፐርቹ ነገረው።

ስሟን የጠበቁት የተነሡት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። በየከተማው ተበትነው እያለ ይፈላለጉ ነበር። ማን የማን ጎረቤት እንደነበረ፣ የትኛው ቤት የትኛው መንገድ ላይ እንደቆመ በወረቀት ላይ ካርታ እየሳሉ አቆዩት። በ1972 ድርቅ ሆኖ ውኃው ሲወርድ የከተማዋ ጎዳናዎች ብቅ አሉ። አሮጌዎቹ ልጅ ሆነው የሮጡበትን ድንጋይ ረገጡት። አፍ የመክፈቻው ዘመን ሲመጣ ጉዳዩ አደባባይ ወጣ፤ በ1995 ሪቢንስክ ውስጥ የሞሎጋ ሙዚየም ተከፈተ። የሞሎጋ ተወላጆችና ልጆቻቸው በየዓመቱ በነሐሴ የመሰባሰብ ልማድ አላቸው። በ2014 ውኃው እንደገና ሲጎድል የሕንፃ መሠረቶችና የመቃብር ድንጋዮች ታይተው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የሚያስታውሱት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሙዚየሙ ሃያ ዓመት ዘግይቶ ቢከፈት ምን ሊሰበስብ ነበር?

ወደ ቤታችን ስንመለስ

እኛ አገር በረዶ የሚጋገርበት ሐይቅ የለም። የግድብ ሐይቅ ግን አለ።

አዲስ አበባ ውስጥ ዓሣ ጉላሽ አዝዘን ስንበላ፣ ዓሣው ከዝዋይ ካልሆነ ከቆቃ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቆቃ ግድብ በ1960 ያለቀው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። ይህን አንዳንዶቻችን እናውቃለን። አዋሽ ከመተኛቱ በፊት እዚያ ሜዳ ላይ የነበሩትን መንደሮች ስም ግን ከመካከላችን ማን ይጠራል? ፊንጫ ግድብ በ1973 ሲያልቅ የጮመን ረግረግ ዙሪያ የነበረ የእርሻና የግጦሽ መሬት ውኃ ዋጠው። ገበሬዎች ተነሡ። ልጆቻቸው ዛሬ አያቶች ናቸው።

አሁን ደግሞ ንጋት ሐይቅ አለን። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከ2020 ጀምሮ ውኃ ሲይዝ ቆይቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. (በኛ አቆጣጠር) ተመረቀ። ቦንድ ገዝተናል፣ ደመወዛችንን ሰጥተናል፣ ተደስተናል። ደስታችንን የምንደብቅ ሰዎች አይደለንም፤ ኩራዝ ሥር ያጠና ሰው መብራት ምን እንደሆነ ያውቃል። ዓሣውም እንደ ሕጉ መጥቷል፤ አዲስ ሐይቅ ዓሣ ይወልዳል ብለናል፤ የዓሣ ማስገሩ ሥራም እያደገ ነው። ከዚያ ሸለቆ ግን በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ጉሙዞች፣ ከወንዛቸው ዳር ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል። የለቀቁት መንደር ስም ነበረው። የወንዙ መሻገሪያ ስም ነበረው። ጥላ የሚቀመጡበት ዛፍ ስም ነበረው።

እነዚህን ስሞች የሚያውቁ ሰዎች ዛሬ በሕይወት አሉ። የሞሎጋ ሰዎች ካርታቸውን በድብቅ፣ በእርሳስ ሥለው ነው ያቆዩት። እኛ ሞባይል አለን፣ መቅረጫ አለን፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የጠፋባቸው ጓደኞችም አሉን። አያትህ ከቆቃ ሥር ከሆኑ፣ እናትሽ ከፊንጫ ከሆኑ፣ ጎረቤታችሁ ከጉባ ከመጡ፣ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ‹‹መንደራችሁ ማን ይባል ነበር? ከእናንተ ቤት ቀጥሎ የማን ቤት ነበር?›› በሉና ጻፉት። መብራቱን አያጠፋውም። ዓሣውንም አያመርረውም።

ጋሼዎቻችን የነገሩን ያ አጥማጅ ዛሬም እዚያው ነው። ፔርሙዙን ከፍቶ ሻዩን ይቀዳል፣ ክሩ ነቅነቅ ሲል ይስባል። የወጣለት ፐርች በረዶው ላይ ሁለት ጊዜ ይፈራገጥና ይደርቃል። አጥማጁ ከሪቢንስክ ሰው ከሆነ ምናልባት አያቱ ያችን ከተማ ግንድ ላይ ተቀምጠው ለቀዋት ይሆናል። ዛሬ ቢያንስ ሙዚየም ገብቶ የቤታቸውን ቁጥር መፈለግ ይችላል።

ቸር እንሰንብት።